እምቦጭ ስል እምቦጭ ማለቴ ነው

ዲሲ ውስጥ በአንድ የግጥም ምሽት ስለ ጣና ያነበብኩት ግጥም "ባንዳ" አሰኝቶኛል። ግጥሙ ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ ነው። ገና ሳልጨርስ ከኋላ አንዱ ተነስቶ "አረም ያለው እኛን ነው!" አለ። በሳምንቱ ሌላው ወገን ተነሳብኝ። "መንግሥትን ላለመንካት አረም ውስጥ ተደበቀ" ተባልኩ። አንዱ ግጥም በሁለቱም በኩል አስከሰሰኝ ማለት ነው።

ለእረፍት ባሕር ዳር ብመጣም ነገሩ አልለቀቀኝም። አንድ የማከብራቸው አዛውንት ከዲሲ ደወሉልኝ።

"አንተ ልጅ፣ ወርቁን ንገረንና እንገላገል።"

"ጋሼ፣ ይቺ ግጥም ወርቅ የላትም።"

"ጎጃሜ ሆነህ?" አሉኝ። አላመኑኝም።

እውነት ነው፣ በቅኔ የታወቀው የዋሸራ አገር ልጅ ነኝ። ሰምና ወርቅ ያሳደገኝ ነገር ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ወርቁን የሚያስቀምጠው ባለቅኔው ነው። አሁን አሁን ሰሚው ጥርጣሬውን ይዞ ይመጣና "ይኸው አገኘሁት" ይላል። ያኔ ገጣሚው ምን ብሎ ይከራከር? ያልጻፈውን እንዴት ያስተባብል?

እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው። አጎቴ በፎገራ በኩል ዓሣ አስጋሪ ነው። አንድ ጊዜ መረቡን ሲስብ አብሬው ነበርኩ። ቀረሶ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ የወጣው እምቦጭ ነው። የቅጠሉ አገዳ በአየር የተነፋ፣ አበባው ሐምራዊ፣ ሲያዩት ያምራል። ሥሩ ግን እንደ ጥቁር ጸጉር መረቡ ውስጥ ተጠላልፎ አልላቀቅ አለ። አጎቴ አንድ በአንድ ሲነቅል ጣቱ ደማ። ይህ አረም ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና ሲመቸው ይበቅላል። ገበሬው በእጁ ነቅሎታል። እኛም ውጭ ያለነው ለማጨጃ ማሽን አዋጥተናል። ያኔ ማንም "የማን ወገን ነህ?" አላለኝም ነበር!

ታማኝነቴ ለማን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ መልስ አለኝ። መረቡ ለተቀደደበት ሰው ነው። ፖለቲካ መጻፍ ስፈልግ ደግሞ በስሙ ጠርቼ እጽፋለሁ፤ ጽፌም አውቃለሁ።

አንዳንድ ወዳጆች ከግጥሙ በፊት ማብራሪያ እንዳነብ መክረውኛል። አላነብም። አንድ ስንኝም አልቀየርኩም። ስመለስ እዚያው አዳራሽ ደግሜ አነበዋለሁ፤ ለጋሼም የፊት ወንበር እይዝላቸዋለሁ።