«ያው ነው፣ ቀኑን ቀይረው»

የዴስክ ኃላፊያችን ገና ርዕሱን እንዳየ «ያው ነው፤ የባለፈውን አውጣና ቀኑን ቀይረህ ስጠኝ» አለኝ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2018 ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ስለሚወዛገቡባት የአብዬ ግዛት ውሳኔ ቁጥር 2412ን አጽድቆ ነበር።

ከላይ ሲታይ እውነትም ያው ይመስላል። ዩኒስፋ፣ ማለትም የተመድ የአብዬ ሰላም አስከባሪ ኃይል፣ በጁን 2011 በውሳኔ 1990 ከተቋቋመ ጀምሮ በየጥቂት ወሩ ሲራዘም ነው የኖረው። እኛም በየጥቂት ወሩ «ተራዘመ» ብለን እንጽፋለን።

እኔ ግን ሙሉውን አንብቤዋለሁ። የተራዘመው ሰላም አስከባሪው ለሱዳንና ለደቡብ ሱዳን የጋራ ድንበር ቁጥጥር የሚሰጠው ድጋፍ ነው፤ ያውም እስከ ኦክቶበር 15። ሁለቱ አገሮች ቁርጠኝነታቸውን በተግባር ካላሳዩ ደግሞ ይህ የመጨረሻው ነው ይላል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በአሮጌ ዜና ላይ ቀን ቀይሮ ይወጣል?

«አንባቢ የሚፈልገው ተራዘመ ወይስ አልተራዘመም የሚለውን ነው» አለኝ።

«ልጇ እዚያ ያለባት እናትስ?»

መልስ አልሰጠኝም። ያኔ አብዬ ካሉት ወታደሮች አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። በሜይ 2013 የአብዬ ነዋሪ የሆነው የንጎክ ዲንካ ሕዝብ ዋና አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል ሲገደሉ አብሯቸው የሞተው ሰላም አስከባሪ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን ዜና የሠራው ይኸው ዴስክ ነው። እንዴት ይረሳል?

ትንሽ ቆይቶ «ግን ለምንድን ነው እንዲህ ማለቂያ ያጣው?» አለኝ። ነገርኩት። አብዬ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ትሁን የሚለው በጃንዋሪ 2011 በሕዝበ ውሳኔ ሊለይ ነበር። በየዓመቱ ከሰሜን ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡት አርብቶ አደሮች፣ ሚሴሪያዎች፣ ድምፅ ይስጡ አይስጡ በሚለው ሰሜንና ደቡብ ሳይስማሙ ቀሩ። ድምፁም ሳይሰጥ ቀረ። ወታደሩ እዚያ የቆመው ፖለቲከኞቹ ባልጨረሱት ጉዳይ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ባልደረቦቼ ነገሩኝ። ይበል።

ርዕሱ እሱ እንዳለው ወጣ። ማስጠንቀቂያው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ገባ። ለእኔ አልበቃኝም። ርዕስ ብቻ አይቶ የሚያልፈው አንባቢ ብዙ ነው፤ ዛሬም ያናድደኛል።

በሜይ ዋናው የአብዬ ተልዕኮ በውሳኔ 2416 ሲራዘም ግን ወረቀቱን ራሱ ይዞልኝ መጣ። «እስቲ ውስጡ ምን አለ?» አለኝ። የድንበሩ ድጋፍ ካልቀጠለ የወታደሮቹ ጣሪያ ከ4,500 ወደ 3,959 ይወርዳል የሚል ነበረው። በዚያ ቀን ቁጥሩ ርዕሱ ላይ ወጣ።