ያፏጨልኝ ጋይዱ መስሎኝ

ይሄን ነገር ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር ግን በቃ ቆየ አይደል፣ ሳቁብኝ።

ለስራ ብራዚል ማናውስ ሄጄ አንድ የእረፍት ቀን ስትገኝ አማዞንን ሳላይማ አልመለስም ብዬ ጋይድ ይዤ ጠዋት በ12 ሰዓት ጫካ ገባሁ። ጋይዱ ገና ከመኪና ሳንወርድ ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተት አለኝ። ፎቶ ልነሳበት ብዬ የለበስኩትን ሱሪ? እንደ ኳስ ተጫዋች? እሺ አልኩትና ዞር ሲልልኝ መልሼ አወጣሁት።

ጫካው ውስጥ ፀሐይ ወጥታም ከስር የመሸ ነው የሚመስለው፣ ዛፉ ከላይ ግጥም ብሏል። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ጋይዱ የለም። ወዲያው ከግራ በኩል ፉጨት። የወፍ ጭው ጭው እንዳይመስላችሁ፣ ዋሽንት እየተማረ ያለ ልጅ በሉት፣ ሁለት ሦስት ኖታ ይልና ቆም፣ ደሞ ሌላ። እናቴ በጨለማ ፉጨት ሰይጣን ይጠራል ትለን የነበረው ትዝ ቢለኝም፣ ጋይዱ እየጠራኝ ነው ብዬ እኔም አፏጨሁለት። መለሰልኝ! እንዲህ እየተባባልን ስልኬን ሪከርድ ላይ አድርጌ (ሰውዬው ሙዚቀኛ ነው ለካ ብዬ) ከመንገዱ ወጥቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ።

ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ጋይድ ሆዬ 20 ግራም የምታክል ቡናማ ወፍ! ጉሮሮዋ የሸክላ ቀለም፣ ዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ፣ መሬት ላይ ደረቅ ቅጠል እየገለበጠች ትለቅምና ቀና ብላ ያንን ዋሽንት ትለቀዋለች። አጠገቧ ሌሎች ትንንሽ ወፎች ወዲህ ወዲያ ይሯሯጣሉ፣ ድግስ ነው ብዬ ፈዝዤ ቀረሁ።

ድግሱስ ድግስ ነበር። ለካ እዛ ጫካ ጉንዳን በሰልፍ ሲወጣ ከፊቱ የሚሸሸውን በረሮና ፌንጣ ለመልቀም ወፎች ይከተሉታል፣ እኔ ደሞ የቆምኩት ሰልፉ መሃል ነው። አንዱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ አንዱ ጉልበቴ ላይ፣ ሦስተኛውን የት እንደሆነ አልነግራችሁም። ትልልቆቹ መንጋጋቸው እንደ መንጠቆ ነው፣ ጎትተህ ስታወጣው ገላው ይመጣል ራሱ አንተ ጋ ይቀራል። ሱሪዬን አውልቄ እሪ እያልኩ ስዘል ጋይዱ እየሮጠ መጣ፣ 20 ሜትር እንኳን አልራቀም ነበር።

ስቆ ስቆ ሲበቃው፣ ወፏን እነሱ ኡይራፑሩ እንደሚሏት፣ እሷ ስትዘፍን የጫካው ወፍ ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል የሚል ተረት እንዳላቸው ነገረኝ። "እሷን ዝም ያሰኘ ግን ዛሬ ገና አየሁ" አለ።

ሪከርዱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። 11 ሰከንድ ዋሽንት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው 4 ደቂቃ እኔ ነኝ።