የፊል ኮሊንስ እናት

የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ቅዳሜ ከሰዓት የቆዩ የፈረንጅ ዘፈኖች ፕሮግራም አለው። አቅራቢዋ ጎበዝ ልጅ ናት። ታነባለች፣ ስክሪፕት ሳትይዝ ስቱዲዮ አትገባም። ዜናዬ ከእሷ ስለሚቀጥል ብዙ ጊዜ ቀደም ብዬ እገባና ከቴክኒሽያናችን ከጋሼ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ያን ቀን ያቀረበችው እንግሊዛዊውን ዘፋኝና ድራመር ፊል ኮሊንስን ነበር። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሰውየው ከእኛም ጋር ታሪክ አለው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ ተብሎ በተሠራው የባንድ ኤይድ ዘፈን ላይ ድራም የመታው እሱ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ለዚያው እርዳታ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለንደን ዌምብሌይ ዘፈነ፣ ኮንኮርድ የተባለውን ፈጣን አውሮፕላን ተሳፈረ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ በዚያው ቀን ፊላደልፊያ መድረክ ላይ ወጣ።

የሥራ ታሪኩንም አሳምራ ነው ያቀረበችው። ልጅ ሆኖ ለንደን ውስጥ ቲያትር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ጀነሲስ የተባለውን የሮክ ባንድ በድራመርነት ተቀላቀለ። በ1975 ዘፋኙ ፒተር ገብርኤል ሲለቅ ባንዱ ምትክ ፍለጋ ስንቱን ሲፈትን ከረመና መጨረሻ ላይ ማይኩ ለራሱ ለድራመሩ ደረሰ። ከዚያ ትዳሩ ፈረሰ። ያንን ሐዘን ይዞ በ1981 የመጀመሪያውን የብቻ አልበም አወጣ።

እስከዚህ ሰላም ነው።

"ቀጣዩን ዘፈን ደግሞ ከፍቺው በኋላ እናቱ የመከሩትን አስታውሶ ነው የጻፈው" አለችና ዩ ካንት ሃሪ ላቭን፣ "ፍቅር አይጣደፍም አለችኝ እናቴ" የሚለውን፣ አስለቀቀች።

ጋሼ ከሚክሰሩ ቀና ብለው አዩኝ። ወዲያው የስልኩ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። አነሱት፣ ትንሽ አዳመጡ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ደዋዩን ቀጥታ ስርጭት ላይ አስገቡት።

"ልጄ፣ ፕሮግራምሽን እወደዋለሁ" አሉ አንድ አባት። "ግን ይሄን ዘፈን እኔ በወጣትነቴ አስመራ ሆኜ ከአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የሚዘፍኑት ሦስት ሴቶች ነበሩ። የዚህ ሰውዬ እናት አሁን ከየት መጡ?"

እኛ ከመስታወቱ ወዲህ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። እሷ ግን በቀላሉ አልተረታችም።

"ምናልባት ሌላ ዘፈን ይሆናል የሰሙት፣ አባቴ።"

ሰውየው አልተከራከሩም። የመግቢያውን ቤዝ በአፋቸው መቱት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ እያሉ፤ አንድም ሳይስቱ። እሳቸው ሳይጨርሱ ጋሼ የሦስቱን ሴቶች፣ የእነ ዳያና ሮስን የሱፕሪምስን አግኝተው ለቀቁት።

ዘፈኑን የጻፉት ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ሰዎች፣ ሁለቱ የሆላንድ ወንድማማቾችና ላሞንት ዶዚየር ናቸው። ዳያና ሮስና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ አድርገውታል። ኮሊንስ በ1982 መልሶ ሲዘፍነው ያንን የስድሳዎቹን ድምፅ በዘመኑ ስቱዲዮ ማምጣት ይቻል እንደሆነ መሞከሩ ነበር። ተሳክቶለት በ1983 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ በብቻው አንደኛ የወጣለት የመጀመሪያ ዘፈን ሆነ። ቪዲዮውን ያየ ሰው እኮ ፍንጩን ያገኘዋል። ሱፍ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ መሪውንም ተቀባዮቹንም ሦስት ሆኖ የሚዘፍነው ራሱ ነው። በእኔ ጆሮ የሴቶቹ ይበልጣል። ድራሙ ላይ ግን ሰውየውን አላማውም።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ ልጅቷ አኩርፋለች። "ስለ ፍቺው ያነበብኩት እኮ እውነት ነው" ትላለች።

"እውነት ነው" አሏት ጋሼ። "የሰውየው ታሪክ ነዋ። የዘፈኑን ታሪክ ግን አልጠየቅሽም።"

እውነት ለመናገር ይሄ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። የአገር ውስጥ ዘፈን ሲሆን ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እያልን ነው ያደግነው፤ ካሴቱ ላይ ሳይቀር ተጽፎ። የፈረንጅ ሲሆን ግን ዘፋኙን ጠርተን እናልፋለን። ፍቺ፣ ሱስ፣ ሐዘን ካለበት ደግሞ ዘፈኑን ሁሉ እዚያ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የዘፈን ዝርዝር ሲቀበሉ ደራሲው ማን እንደሆነና መጀመሪያ ማን እንደዘፈነው ካልተጻፈበት ይመልሱታል። እሷም የደዋዩን ስልክ ቁጥር ይዛለች። ቅዳሜ ጠዋት እየደወለች ታማክራቸዋለች። እሳቸውም ደስ እያላቸው ይመልሱላታል፤ ከደርግ ወዲህ የወጣውን ግን ራስሽ ተወጪው ብለዋታል።