«ትክትክ ያደርገዋል» ያለችው እናት

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ በኅዳር ወር አንድ ሌሊት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇን በብርድ ልብስ የጠቀለለች እናት ወደ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ገባች። ሐኪሟ ልጁ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ «ቀን ደህና ይውላል፤ ሌሊት ሲሆን ሳሉ ትክትክ ያደርገዋል» አለች። እኔም ለአፍታ ሳላመነታ «ትክትክ» የሚለውን በቃላት ማስታወሻዬ ላይ እንደ ሰፈረው «ሁፒንግ ኮፍ» ብዬ አስተላለፍኩ።

ሐኪሟ ወዲያው ጭምብል አጠለቀች፤ ልጁ ለብቻው ወዳለ ክፍል እንዲወሰድ አዘዘች፤ የክትባት ካርዱንም ጠየቀች። ሁፒንግ ኮፍ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በሳል ጠብታ የሚተላለፍና ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ የሆነ በሽታ ስለሆነ ጥንቃቄዋ ትክክል ነበር። ስህተቱ እኔ ያቀበልኳት ቃል ነበር። ይባስ ብሎ፣ ሐኪሟ ሳሉ «ሁፕ» የሚል ወይስ «ባርክ» የሚል ድምፅ እንዳለው ስትጠይቅ፣ ሁለተኛውን «ሲያስል እንደ ውሻ ይጮኻል ወይ?» ብዬ ተረጎምኩት። የእናቲቱ ፊት ተለዋወጠ። «እህቴ፣ ልጄን ነው ከውሻ የምታመሳስሉት?» አለችኝ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጅ «ባርኪንግ ኮፍ» የተለመደ የሳል ስም እንጂ ስድብ አይደለም፤ በእኛ ቋንቋ ግን የሰውን ልጅ ከውሻ ጋር ማነጻጸር በጭንቅ ላይ ላለች እናት የሚነገር ነገር አይደለም።

እናቲቱን ይቅርታ ጠይቄ፣ ለሐኪሟም አስተርጓሚዋ የምታርመው ነገር እንዳላት ገለጽኩ። «ትክትክ» የበሽታ ስም ቢሆንም እናቲቱ የሳሉን ድምፅ ለማሰማት ተጠቅማበት ሊሆን እንደሚችል አስረድቼ፣ ሐኪሟን ሁለቱን ድምፆች በራሷ ጉሮሮ እንድታሰማልን ለመንኳት። ሐኪሟ በመጀመሪያ ከተከታታይ ሳል በኋላ አየር በኃይል ሲሳብ የሚሰማውን ረጅም ድምፅ፣ ቀጥላም ሻካራና ደረቅ ሳል አሰማች። እናቲቱ በሁለተኛው ላይ «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» አለች። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ራሱ አስሎ አረጋገጠልን። በሽታው ክሩፕ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ፣ ማንቁርትንና የላይኛውን የመተንፈሻ ቧንቧ የሚያሳብጥ፣ ሌሊት የሚብስ የሕፃናት ሕመም ነው። አንድ ጊዜ የሚሰጠውን የዴክሳሜታዞን መድኃኒት ጠጥቶ ሊነጋጋ ሲል ተሻለው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የእነዚህን ቃላት አመጣጥ መከታተል ጀመርኩ። «ክሩፕ» በስኮትላንድ ሰዎች አነጋገር በሻከረ ድምፅ መጮኽን የሚገልጽ፣ ድምፁን በማስመሰል የተሠራ ግሥ ነበር፤ የኤድንብራው ሐኪም ፍራንሲስ ሆም በ1765 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ባሳተመው ጥናት ወደ ሕክምና ቋንቋ ገባ። ዛሬ ቃሉን የሚሰማ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚያስበው በሽታውን እንጂ ጩኸቱን አይደለም። «ፒጅን» የሚለው የርግብ ስምም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው የጫጩትን ጭውጭውታ ከሚያስመስለው «ፒፒዮ» ከሚል የላቲን ቃል ቢሆንም፣ ድምፁ በመንገድ ላይ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። በሌላ በኩል፣ ሐኪም ሳንባ ሲያዳምጥ ለሚሰማው የመንጣጣት ድምፅ የሚጠቀምበት «ክራክል» የሚለው ቃል ዛሬም ድምፁን እንደያዘ ነው። መነሻው የመሰንጠቅ ድምፅ የሆነው «ክራክ» ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ የተጨመረው ድምፅ እንደ «ራትል» (መንኳኳት) ሁሉ መደጋገምን ያመለክታል። እኛ ይህንኑ የምናደርገው ቃሉን በመደጋገም ነው፤ ሐኪሞች «ዊዝ» የሚሉትን የትንፋሽ ፉጨት «ሲር ሲር» እንደምንለው።

ትልቁ ልዩነት ግን አሠራራቸው ላይ ነው። እንግሊዝኛ የድምፅን ቃል ራሱን ግሥ ያደርገዋል፤ አማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ለብቻው አቁሞ «አለ» ወይም «አደረገ» በሚል ግሥ ያስይዘዋል፤ በሩ ኳ አለ፣ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እናቲቱ በሽታውን ልትጠራ ብትፈልግ ኖሮ «ትክትክ ይዞታል» ትል ነበር። እርሷ ያለችው «ትክትክ ያደርገዋል» ነው። መልሱ ከመጀመሪያው በግሡ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ብቻ ይዤ ሮጥኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ያሳዝነኛል፤ ልጁ ባይጎዳም እናቲቱ ያለ ምክንያት ረጅም ሰዓት ተጨንቃለች። አሁን ግን እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመኝ ድምፁን በአማርኛ እንደተባለው ለሐኪሙ አሰማለሁ፤ በሽታም ድምፅም ሊሆን እንደሚችል ተናግሬ ሐኪሙ ራሱ እንዲጠይቅ እተዋለሁ።

እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት «ክሩፕ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቃል አላገኘሁላትም፤ ጉሮሮ ሲያብጥ የሚመጣ ሻካራ ሳል እንደሆነ ብቻ ነገርኳት። እርሷም ኢትዮጵያ ላሉት እናቷ ደውላ ስታስረዳ በመጀመሪያ የእኔን ማብራሪያ ሞከረች፤ አልገባቸውም መሰለኝ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ሳሉን ራሷ አሰማቻቸው።