መስጊዱና የኛ ፓርኪንግ

በ2010 ሰመር (በፈረንጆቹ ነው) ዳውንታውን ማንሃተን ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። መንትዮቹ ሕንፃዎች ከነበሩበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ሥራው ቀላል ነው። ቲኬት ትሰጣለህ፣ ቁልፍ ትቀበላለህ፣ መኪናውን ታች ታወርዳለህ። ከባዱ ሰው ነው። በተለይ በዚያ ሰመር።

አብሮኝ የሚሠራው የወሎ ልጅ ነበር። ሁላችንም «ደሴ» ነው የምንለው። ደረቱ ላይ የሚለጥፈው ባጅ ግን «መሐመድ» ይላል።

የከተማው ወሬ ሁሉ ስለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ነበር። ከግራውንድ ዜሮ (መንትዮቹ ሕንፃዎች የፈረሱበት ቦታ ነው) ሁለት ብሎክ ርቆ፣ ፓርክ ፕሌስ መንገድ ላይ ያለ፣ በ1850ዎቹ የተሠራ ነው። የበርሊንግተን ልብስ መደብር ነበረበት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሕንፃዎቹን ከመቱት አውሮፕላኖች የአንዱ የማረፊያ እግር ጣሪያውን በስቶ ገባ፤ መደብሩም በዚያው ተዘጋ። በ2009 አንድ የሪል እስቴት ድርጅት በ4.85 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ኢማም ፈይሰል አብዱል ራኡፍና ባለቤታቸው ዴዚ ካን ያሉበት ቡድን የእስልምና ማዕከል ሊያደርገው አሰበ። መዋኛ፣ ጂም፣ 500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት፣ ለጥቃቱ ሟቾች መታሰቢያ፣ ከዚያ ደግሞ መስገጃ። 100 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ተባለ። ስሙ መጀመሪያ ኮርዶባ ሐውስ፣ ቀጥሎ ፓርክ 51 ሆነ። ቴሌቪዥኑ ግን «የግራውንድ ዜሮ መስጊድ» አለውና በዚያው ጸና። መስጊድ ክርስትና ሲነሳ ያኔ ነው ያየሁት።

ደሴ ዕቅዱን ሲሰማ ሳቀ። «እኔ እንደሆን ዋና አልችል። ለጁምዓ ግንባሬን የማሳርፍበት ካገኘሁ ይበቃኛል።»

እውነቱን ነው። ሌላውን ቀን የሚሰግደው እኛው ጋ ታች፣ ጎማ መንፊያው አጠገብ ካርቶን አንጥፎ ነው። የዓርብ ግን በጀመዓ ነው፣ ሰዓቱም ከሥራ ጋር ይጋጫል። በሰፈሩ ከ1970 ጀምሮ ያለ መስጊድ አለ፤ ማለትም መንትዮቹ ሕንፃዎች ሳይመረቁ የነበረ። እኛ በምንሠራበት ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፣ ሰዉን አይችለውም። ያ የተዘጋ መደብር ለጁምዓ ሲከፈትለት ደሴ በምሳ ዕረፍቱ ሮጥ ብሎ ሰግዶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጫጫታው ሳይጀመር ነው።

በሕግ በኩል ብዙ የሚያከራክር አልነበረም። ሜይ ላይ የሰፈሩ ቦርድ 29 ለ1 ደገፈው፤ 10 ሰዎች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኦገስት 3 የቅርስ ኮሚሽኑ ሕንፃው ቅርስ ተብሎ እንዳይመዘገብ 9 ለ0 ወሰነ። ከንቲባ ብሉምበርግ የነፃነት ሐውልትን ከኋላቸው አድርገው ደገፉ። ኦባማ በዋይት ሐውስ ኢፍጣር ላይ መብታቸው ነው አሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ስለ ቦታው አስተያየት አልሰጠሁም አሉ። ተቃዋሚውም ቢሆን አብዛኛው «መብቱስ አላቸው፣ ግን እዚህ?» ነበር የሚለው።

ኒውት ጊንግሪች ግን ሌላ ናቸው። የቀድሞው የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማለት ናቸው። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ እስካልኖረ ድረስ እዚያ አካባቢ መስጊድ አይሠራም አሉ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ይሄማ የኛ ነው! «መካ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ያኔ አክሱም መስጊድ ይሠራል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሰውዬው አክሱም ጽዮን ደጃፍ የዋሉ ነው የመሰሉኝ።

ደግሞ አልዋሽም፣ ነገሩ ይጥመኝ ነበር። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማተቧን ከልብሷ ሥር ደብቃ ነው የምትኖረው። ይህንኑ ለደሴ ነገርኩት። ቁልፍ እየሰቀለ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ታዲያ እህትህን የከለከላት ሰውዬ ነው እንዴ ሕግ የሚያስተምርህ?» አለኝ። «ደሞስ የሳዑዲ ንጉሥ ለኔ ምኔ ነው? እኔንም ቪዛ ከልክሎኛል።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ኦገስት 22 እሑድ ሰልፍ ወጣ፣ ደጋፊም ተቃዋሚም። ዝናቡ ይወርዳል። ለእኔ ነሐሴ 16 ነው፣ ፍልሰታን ፈትቼ በልቼ ጠጥቼ ነው የገባሁት። ደሴ ረመዳን ላይ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። የሁለቱም ወገን መኪና እኛ ጋ ነው የቆመው። መቼም ቲኬት ወገን አይጠይቅም። ዝናብ የሰባበረው መፈክር ኮሪደሩ ላይ ተዝረክርኮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በስብሶ መጣ። የተቃውሞ ካርቶን ይዟል። ቲኬቱን ጥሎታል። የኛ ሕግ የታወቀ ነው፦ ቲኬት የጠፋበት የሙሉ ቀን ይከፍላል። ሰውዬው ኪሱን ሲያገላብጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደሴ መኪናውን ያቆመው ራሱ ስለሆነ ያውቀዋል። «ግድ የለም፣ የገባህበትን ሰዓት አስታውሳለሁ» ብሎ ቁልፉን አነሳ። ሰውዬው ቀና ሲል ባጁን አነበበ።

ዝም አለ። እኔ ስልኩን ጠጋ አልኩ፣ ምን ይታወቃል።

«አንተም እዚያ ነው የምትሰግደው?»

«ዓርብ ዓርብ።»

«ይሄ ሁሉ ከተማ እያለ፣ ለምን እዚህ?»

«ሥራዬ እዚህ ነዋ።»

ሰውዬው ለአፍታ አየው። «የልጄም ሥራ እዚህ ነበር» አለ።

ደሴ የወሎ ሰው ነው፣ ሐዘን ያውቃል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሌላ አልጨመረም። መኪናውን አመጣለት። ሰውዬው ከፍሎ ሲገባ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ሐሳቤን አልቀየርኩም» አለ።

«እኔም ቀይር አላልኩህ» አለ ደሴ።

ያን ሁሉ ወር ቴሌቪዥን ስናይ «ሥራዬ እዚህ ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም። ኢማሙ ስለ ሃይማኖቶች መቀራረብ ያወራሉ፣ ተቃዋሚው ፖለቲከኛ መስጊዱ የጥቃቱ የድል ሐውልት ነው ይላል። ጁምዓ የሥራ ሰዓት መሐል ስለሆነ መስገጃ ሠራተኛውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከጥቃቱ በፊት ደቡባዊው ሕንፃ 17ኛ ፎቅ ላይ ራሱ መስገጃ ክፍል ነበረ። እዚያው ለሚሠሩ ሰዎች።

ሱፐርቫይዘሩ ይህን ታሪክ ሲሰማ ምን ያናደደው ይመስላችኋል? የሙሉ ቀኑ ሒሳብ አለመከፈሉ። ከደሴ ላይ ሊቆርጥ ሁሉ አስቦ ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቶ አንድ ተሳፋሪ የባንግላዴሽ ተወላጅ የሆነ ታክሲ ነጂን ሙስሊም ነህ ወይ ብሎ ጠይቆ በቢላ ወጋው። ነጂው ተረፈ። እኛ ጋ ግን ፍርሃት ገባ። በሰልፉም ቀን ነጭ ቆብ ያደረገ አንድ ጥቁር ሰው ሙስሊም መስሏቸው ሲጮሁበት የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። ሰውዬው ሙስሊምም አይደለም፣ እዚያው ግራውንድ ዜሮ የሚሠራ አናጺ ነው። አለቆቻችን ለደኅንነታችን ብለው ስም ያለበትን ባጅ አንስተው ቁጥር ሰጡን። ደሴ አልቀበልም አለ። «በቁጥር የሚጠራው እስረኛ ነው።» እኔ በበኩሌ ቁጥሩን ለጠፍኩ፤ ከሥራ መባረር አልፈለግኩም።

በዚያ ዓመት ዒድ አልፈጥር ዓርብ ሴፕቴምበር 10 ዋለ። እንቁጣጣሽ ደግሞ በማግሥቱ፣ ሴፕቴምበር 11። ስለዚህ ሺፍት ተቀያየርን፤ ዓርብን እኔ ያዝኩለት፣ ቅዳሜን እሱ። ሱፐርቫይዘሩ ደነገጠ። በዚያ ቀን እሱን በር ላይ? ሌላ ሰው ግን አልነበረውም።

ሰኞ ስንገናኝ «ሰውዬህ መጣ» አለኝ። የሟቾቹ ስም ሲነበብ ሊሰማ ነበር። ደሴ ቲኬቱን ሲሰጠው «እንዳትጥለው፣ ባለፈው በአንተ የተነሳ ሊቀጡኝ ነበር» ብሎታል። ሰውዬው ቲኬቱን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሲመለስ አሥር ዶላር ቲፕ ሰጠው።

ማዕከሉ በታቀደው መልክ አልተሠራም። በ2011 የሕንፃው አንድ ክፍል ታድሶ የኒውዮርክ ልጆች የፎቶ ኤግዚቢሽን ታየበት፣ ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። ዛሬ ቦታው ላይ የቆመው ለሀብታም አፓርታማ የታሰበ 43 ፎቅ ሕንፃ ነው። ለዚህ ሰልፍ የወጣ አልሰማሁም። ደሴ ዲሲ ገብቶ ታክሲ ይነዳል። ዓርብ ዓርብ ኢትዮጵያውያን የሚሰግዱበት መስጊድ ይሄዳል። ስደውልለት ሁሌ የሚያማርረው ግን አንድ ነገር ነው፦ ፓርኪንግ የለም።