የማይደገም

ከትናንት ማታ ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። የሐምሌ ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሐምሌ የማይከብደው ልብ ያለው ሰው ካለ፣ እሱ የሌላ አገር ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ከማኅሌቱ አልቀረሁም።

መሪጌታ መወድሱን፣ ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን ቅኔ፣ ሲጀምሩ ስልኬን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ቦታ ሞልቷል ብሎ ቆመ። ምን እንደሞላው አውቃለሁ፤ ባሕር ዳር ሄጄ ፎቶ ያነሳኋቸው፣ ገና ያልገዛኋቸው ሶፋዎች ናቸው። ቡናማው ይጥፋ ወይስ ግራጫው እያልኩ ሳማርጥ ስምንቱ ቤት ተዘርፎ አለቀ። ሊቃውንቱ “ይበል! ይበል!” አሉ። እኔ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አልገባኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብዬ፣ “መሪጌታ፣ ያንን መወድስ ይድገሙልኝና ልጻፈው” አልኳቸው። ሳቁብኝ። “አሁን ከየት አመጣዋለሁ ልጄ? ይልቅ ሰንበቴው ቤት ግቢ፤ ዳቦው ሊያልቅ ነው።”

ይህ መልሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ቅኔ እንደማይደገም የጎጃም ልጅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ለዕለቱ ይዘረፋል፤ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ መፈለግ ነው። የዋሸራው፣ የጎንጁ፣ የዲማው የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ ስንት ዓመት ይደክማል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ የሚያየውን እሱና የኔታ ያውቁታል። ያን ሁሉ ደክሞ ያገኘውን አንድ ጠዋት ተናግሮ ወደ ዳቦው ይሄዳል። እኔ ብሆን በመስታወት አስገብቼ ሳሎን እሰቅለው ነበር። ከሶፋው በላይ።

ከዚያ በሉቃስ ወንጌል ያለው ባለጠጋ ትዝ አለኝ፤ እርሻው እጅግ ሲያፈራለት ጎተራዬን አፍርሼ የሚበልጥ እሠራለሁ ያለው። ልጅ ሳለሁ ጥፋቱ አይገባኝም ነበር። እኛ አገር ጎተራ መቼ ጥፋት ሆኖ ያውቃል? ቢቸና ይሁን ሞጣ፣ በክረምት ጎተራው የጎደለበት ቤት ለልጆቹም አይበቃ፣ ለቆሎ ተማሪም አይተርፍ። ያ ሁሉ ቅኔ የቆመው በገበሬው እንጀራ ነው። ስለ ሰማያዊ መዝገብ ሲሰበክ ይህችን የሚያነሣት አላጋጠመኝም፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ትከነክነኛለች።

ከሰዓት በኋላ ምዕራፍ 12ን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የሰውየው ንግግር ውስጥ ከራሱ በቀር ማንም የለም። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ በረከቴ፣ ነፍሴ። ሚስት አያነሣ፣ ጎረቤት አያነሣ፣ ደጁ ላይ የቆመ ለማኝ እንኳ የለ። የሚያማክረውም ራሱን ነው።

ሳቅሁበት። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ከፊቴ ጠፋ። ጾሜ፣ ስግደቴ፣ ዳዊቴ የምለው ማነው? ሁዳዴን 55ቱንም ቀን፣ ፍልሰታን 15ቱንም ቀን ስይዝ፣ ያልጾመ ጎረቤቴንም አብሬ እይዛለሁ። እኅቴ ቪላዋን ያስመረቀች ዕለት በሆዴ ምን እንዳልኩ እግዚአብሔርና እኔ እናውቃለን፤ “የእሷ ምድር ላይ ነው” ብዬ ነው የተጽናናሁት። የሰማዩን ነገር እንደ ባንክ ደብተር በጉያዬ ይዤ የእሷን ሚዛን ከእኔ ሚዛን ሳስተያይ፣ የቪላው ባለቤት ከእኔ የተሻለች ክርስቲያን ሳትሆን አትቀርም። እሷ ቢያንስ ያላትን ለሰው አሳየች፤ ጠላ ጠምቃ፣ በግ አርዳ መንደሩን ጠራች። እኔም በልቼ ነው የመጣሁ።

የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ሲያሰኟት ለነፍሳቸው ነበር ወይስ ለስማቸው? ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ያሉትን የነገሥታት ዘውዶች ያየሁ ጊዜም ይኸው ጥያቄ መጥቶብኝ ነበር። ዘውዱን የሚያሳዩን መነኩሴ እግራቸው ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ለእሳቸው አዘንኩ። ምኑን አሳዘኑኝ?

የሰንበቴውን ዳቦ ነገር አልጨረስኩም። ተረኛዋ ትልቅ ድፎ ደፍታ፣ በኮባ ቅጠል ጋግራ፣ ከነሙቀቱ አምጥታው ነበር። መሪጌታም በሉ፣ ተማሪዎቹም በሉ፣ እኔም በላሁ፤ ፍርፋሪው እንኳ አልተረፈም። እሷም ባዶ መሶቧን ይዛ በዝናብ ሄደች። ማንም “ይበል” አላላትም። መወድሱም አልቋል፣ ድፎውም አልቋል፤ ሁለቱም አይደገሙም። የትኛው የመንፈስ ሀብት፣ የትኛው የሥጋ ሀብት እንደሆነ ለይቼ ልጽፍ ተቀምጬ አቃተኝ።

የመጪው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። ድፎዬ ከእሷ ድፎ እንዳያንስ ከአሁኑ ዱቄት ስለመጨመር እያሰብኩ ነው። ይህኛውንስ በየትኛው ደብተር ልመዝግበው?