ከጦር ሜዳ የተላከ ፖስትካርድ

ጅማ ዝናቡ ሲበረታ የፖስትካርድ ሣጥኔን እከፍታለሁ። የምሰበስበው የወታደር ካርድ ነው፣ ከየአገሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በሐር ክር የተጠለፉትን እወዳለሁ፤ ባንዲራው ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ክሩ ዛሬም ጎርበጥ ይላል። የእንግሊዞቹ ግን አንጀት ይበላል። «ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች አስቀድመው ታትመዋል፤ ወታደሩ የማይመለከተውን ሰርዞ ይፈርማል፣ ቀን ይጽፋል፣ ሌላ ነገር ከጨመረበት ካርዱ ይወገዳል። እናት የልጇን ነገር የምትረዳው እንግዲህ ከስረዛው ነው።

በ1928 ዓ.ም. የተጀመረውን ወረራ የልጆች ጨዋታ አስመስለው የሳሉ የጣሊያን ካርዶችም አሉኝ። በጣም ያናድዱኛል፤ ግን አልጥላቸውም፣ ማስረጃ ናቸው። የጅማ እርጥበት ደግሞ ለወረቀት አይመችም፣ ሁሉንም ለየብቻ በፕላስቲክ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።